ከቀለም ወደ ቀለም፦ የአንዲት መስመር ታሪክ

«ግራዲየንት» የሚለው የፈረንጅ ቃል በመንገድ መሐንዲሶች ዘንድ ዳገትና ቁልቁለት የሚለካበት ቃል ነው። የወሎ ሰው ቃሉን በስሙ ባያውቀው በእግሩ ያውቀዋል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ በጦሳ ተራራ ሥር ተቀምጣለች። ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ፣ በቦርከና ሜዳ ላይ ተዘርግታለች። በሁለቱ መካከል የሐረጎ ጠመዝማዛ አለ። በዚያ መንገድ የወረደ ተሳፋሪ ሁሉ ደሴ ላይ የተከናነበውን ጋቢ የቱ ጋ ሲደርስ ከትከሻው እንዳወረደው ቢጠየቅ መልስ የለውም። ቁልቁለት እንዲህ ነው፤ ሁለት ጫፎች አሉት፣ ድንበር ግን የለውም።

ይኸው ቃል ድረ ገጽ በሚሠሩ ሰዎች መንደር ሌላ ትርጉም ይዟል። አንድ ቀለም ቀስ በቀስ ወደ ሌላ ቀለም ሲለወጥ፣ ለምሳሌ ሰማያዊው እየሳሳ ሄዶ ነጭ ሲሆን፣ ያን ሽግግር ግራዲየንት ይሉታል። ዛሬ ይህን ለመሥራት አንዲት መስመር ኮድ ትበቃለች። አንባቢ ሆይ! ይህች አጭር ጽሑፍ የዚያች መስመር ታሪክ ናት። የባንክ ሠራተኛና የግጥም ወዳጅ ስለ ኮድ ምን አገባው ትሉኝ ይሆናል። ነገሩ የሚያገባኝ ለምን እንደ ሆነ ወደ ታች ስንወርድ ይገለጣል። አስቀድሜ ግን ስለ አቆጣጠር አንድ ቃል፦ ስለ ኮምፒውተር የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የአገራችንን ነገር ግን በአገራችን አቆጣጠር፣ ዓ.ም. እያልሁ እጽፋለሁ።

በ1994 ሆኮን ቪዩም ሊ የተባለ ኖርዌጂያዊ፣ የዓለም አቀፉ ድር በተወለደበት በሰርን የምርምር ተቋም ሳለ፣ አንድ ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡም የድረ ገጽ ይዘት ለብቻ፣ መልኩና ጌጡ ለብቻ ይጻፍ የሚል ነበር። ከሆላንዳዊው ቤርት ቦስ ጋር ሆነው ያበጁት ይህ የጌጥ ቋንቋ ሲኤስኤስ ተባለ፤ የመጀመሪያው ደረጃም በታኅሣሥ 1996 ጸደቀ። አጋጣሚ ሆኖ ኢትዮጵያም የኢንተርኔት አገልግሎት የጀመረችው በዚያው ሰሞን፣ በ1989 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ሲኤስኤስና የአገራችን ኢንተርኔት የአንድ ዘመን ልጆች ናቸው ማለት ይቻላል።

የሲኤስኤስ ፈጣሪዎች በቋንቋቸው ላይ አንድ ሕግ አኖሩ። ብራውዘር (ድረ ገጽ የምንከፍትበት ፕሮግራም) ያልገባውን ቃል ሲያገኝ አይጮህም፣ አይቆምም፣ ስሕተት አለ ብሎ አይናገርም። ያችን ዐረፍተ ነገር ብቻ ትቶ ወደ ሚቀጥለው ያልፋል። ብዙዎቹ የፕሮግራም ቋንቋዎች እንዲህ አይደሉም፤ አንዲት ነጥብ ስትጎድል ሥራቸውን አቁመው በዚህ መስመር ላይ ተሳስተሃል ይላሉ። ሲኤስኤስ ግን ዝም ይላል።

ይህ ዝምታ የታሰበበት ነው። ቋንቋው ሲያድግ አዳዲስ ቃላት እንደሚወለዱ፣ አሮጌ ብራውዘሮችም እንደማያውቋቸው አስቀድሞ ግልጽ ነበር። ብራውዘሩ ባላወቀው ቃል ሁሉ ቢቆም ኖሮ አዲስ ነገር የሞከረ ገጽ በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ ጨርሶ አይከፈትም ነበር። በዝምታው ምክንያት ግን ገጹ ይከፈታል፤ አንድ ጌጥ ይጎድለው እንደ ሆነ እንጂ ጽሑፉ ይነበባል። ድር እስከ ዛሬ ሳይፈርስ እየታደሰ የኖረው በዚህ ትዕግሥት ነው። የትዕግሥቱን ዋጋ ማን እንደሚከፍል በኋላ እናያለን።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሲኤስኤስ የቀለም ሽግግር የሚሠራበት ቃል አልነበረውም። ስለዚህ ባለሙያዎቹ ዘዴ ፈለጉ። በሥዕል ፕሮግራም ከላይ እስከ ታች የሚሸጋገር ቀለም ይሠራሉ፤ ከዚያም አንድ ፒክስል ብቻ ስፋት ያላት ቀጭን ዘለላ ቆርጠው፣ ብራውዘሩ ጎን ለጎን እየደጋገመ ገጹን እንዲሸፍንባት ያዝዙታል። አንድ ክር ተደጋግሞ ጨርቅ እንደሚሆን ማለት ነው። ዘዴው ሠራ፤ ሆኖም እያንዳንዷ ዘለላ ለብቻዋ ከሩቅ አገር የምትመጣ ፋይል ነበረች። የሳጥኑ ቁመት ሲለወጥ ዘለላዋ እንደገና መሠራት አለባት፤ ቀለሙ ሲለወጥም እንዲሁ። በስልክ መስመር ኢንተርኔት የተጠቀመ ሰው፣ ጽሑፉ መጥቶ ሥዕሉ እስኪከተል ድረስ የተቀመጠበትን ደቂቃ ያስታውሳል።

ማይክሮሶፍት በ2000 በራሱ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ውስጥ «ፊልተር» በሚባል ረዥም ትእዛዝ ሽግግር የሚሠራበትን መንገድ አውጥቶ ነበር፤ ሌሎቹ ግን አልተቀበሉትም። የዛሬዋ መስመር እውነተኛ አያት የተወለደችው በአፕሪል 2008 ነው። የአፕልን ሳፋሪ የሚያንቀሳቅሰው የዌብኪት ቡድን፣ ሥዕል ሳይላክ ብራውዘሩ ራሱ ቀለሙን እያሰላ እንዲቀባ የሚያደርግ ትእዛዝ አስተዋወቀ። ትእዛዙ ረዥምና ጠንቃቃ ነበር፦ የሽግግሩ ዓይነት፣ የሚነሣበት ነጥብ፣ የሚደርስበት ነጥብ፣ ከዚያም «ፍሮም» ብሎ የመነሻ ቀለም፣ «ቱ» ብሎ የመድረሻ ቀለም። ይህችን «ቱ» የምትባል ትንሽ ቃል ልብ በሉልኝ፤ ወደፊት ሌላ ሥራ ይዛ ትመለሳለች።

በጃንዋሪ 2010 የሞዚላው ፋየርፎክስ 3.6 ወጣ። እርሱም ሽግግር ይሠራል፣ ግን በሌላ አነጋገር፤ አጠር ያለ፣ ለእጅም የሚቀል። ሁለቱም ትእዛዛት ገና ያልጸደቁ ሙከራዎች ስለ ነበሩ እያንዳንዱ ኩባንያ በቃሉ ፊት የራሱን መለያ ይለጥፍ ነበር፤ በሰዋስው ትምህርታችን «ባዕድ መነሻ» እንደምንለው። የዌብኪት አንድ፣ የሞዚላ አንድ፣ የኦፔራ አንድ፣ የማይክሮሶፍት አንድ። በዚያ ዘመን አንድን ሳጥን ከሰማያዊ ወደ ነጭ ለማሸጋገር አምስትና ስድስት መስመር መጻፍ የተለመደ ነበር።

በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም። በኮምፒውተር አማርኛ መጻፍ በጀመርንበት ዘመን ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝን የመሳሰሉ ፕሮግራሞች ፊደላችንን እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ሥርዓት ነበር የሚያስቀምጡት። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ የፊደሉ ቅርጽ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ፊደልና ምልክት የተዘበራረቀበት ትርምስ ይሆናል። በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለግዕዝ ፊደላት አንድ የጋራ ስፍራ ከሰጠ በኋላ እንኳ፣ አሮጌዎቹ ፋይሎች በየመሥሪያ ቤቱ ቁም ሣጥን ዓመታት ኖረዋል። ሥርዓት ሲጸድቅ አሮጌው ወዲያው አይሞትም። በቀለም ሽግግርም የሆነው ይኸው ነው።

ከ2011 እስከ 2012 ድረስ ደረጃ አውጪው ጉባኤ ሁለቱን አነጋገሮች ወደ አንድ ሊያመጣ ተቀመጠ። በመሠረቱ የሞዚላው አጭር አጻጻፍ ተመረጠ፤ ዌብኪትም በ2011 መጀመሪያ ተቀብሎት ነበር። ነገር ግን አንድ ተቃርኖ ተገኘበት። «ቶፕ» (ላይ) ብሎ የጻፈ ሰው ሽግግሩ ከላይ ይነሣለታል፤ በዲግሪ የጻፈ ሰው ግን ዲግሪው የሚያመለክተው መድረሻውን ነው። በአንድ ቋንቋ ውስጥ አንዱ መነሻን፣ ሌላው መድረሻን ይናገራል ማለት ነው። ጉባኤው ሁሉም መድረሻን እንዲናገር ወሰነ፤ አሮጌውና አዲሱ እንዳይምታቱም ከአቅጣጫው በፊት «ቱ» የምትል ቃል ጨመረ፣ ማለትም «ወደ»። ስለዚህ ቀድሞ «ቶፕ» የተባለው «ቱ ቦተም» (ወደ ታች) ሆነ። በ2008 የመድረሻ ቀለም መጥሪያ የነበረችው «ቱ» በ2012 የመንገድ መሪ ሆና ተመለሰች።

የዲግሪው አቆጣጠርም ተለወጠ። በአሮጌው ሕግ 0 ዲግሪ ወደ ቀኝ ነበር፤ 90 ዲግሪ ወደ ላይ። ይህ በሂሳብ ደብተራችን ላይ የተማርነው አቆጣጠር ነው። በአዲሱ ሕግ 0 ዲግሪ ወደ ላይ ሆነ፤ ቁጥሩም በሰዓት አቅጣጫ እየዞረ 90 ዲግሪ ወደ ቀኝ ያመለክታል። ይህ ደግሞ የኮምፓስ አቆጣጠር ነው። የሚገርመው፣ ሁለቱ ሕጎች 45 ዲግሪ ላይ ይስማማሉ። ከግራ ታችኛው ጥግ ወደ ቀኝ ላይኛው ጥግ የሚወጣውን ሰያፍ መስመር ሁለቱም በአንድ ቁጥር ይጠሩታል። በመማሪያ ምሳሌዎች ላይ ደግሞ 45 ዲግሪ ይዘወተራል፤ ስለዚህ ተማሪው ልዩነቱን ሳያይ ይቆይና፣ 90 ብሎ የጻፈ ዕለት ቀለሙ ባላሰበው በኩል ይሄድበታል።

በአፕሪል 2012 ሕጉ ለትግበራ ብቁ ተባለ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ፋየርፎክስ 16፣ በማርች 2013 ክሮም 26 ትእዛዙን ያለ ባዕድ መነሻ ተቀበሉ። ታሪኩ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት፤ አላለቀም። በአሮጌው አጻጻፍ የተሠሩ እልፍ ገጾች ነበሩና ብራውዘሮቹ የዌብኪቱን ባዕድ መነሻ እስከ ዛሬ ያከብሩታል፤ ፋየርፎክስም ከ2016 ጀምሮ ለእነዚህ ገጾች ሲል የተቀናቃኙን መለያ ለመቀበል ተገዷል። በመሆኑም ዛሬ በአንድ ገጽ ላይ «90 ዲግሪ» የሚሉ ሁለት መስመሮች ቢጻፉ፣ ባዕድ መነሻ ያለው ወደ ላይ፣ የሌለው ወደ ቀኝ ይሄዳል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ እያንዳንዳቸው በዘመናቸው።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ። የአክስቴ ልጅ ኮምቦልቻ ይኖራል፤ ማታ ማታ በኢንተርኔት የሚሰጥ የኮድ ትምህርት ይከታተላል። ትምህርቱ በትንንሽ መልመጃዎች የተከፋፈለ ነው፤ አንዱን ያላለፈ ወደ ሚቀጥለው አይገባም። አንድ እሑድ «ጋሼ፣ ይህን ነገር እስቲ እየው፤ ሦስት ቀን ሆነኝ» ብሎ አሳየኝ። መልመጃው ቀላል ነው፦ ሳጥኑን ከላይ ወደ ታች፣ ከሰማያዊ ወደ ነጭ አሸጋግር። የልጁ መስመር ለዓይን ምንም አይጎድላትም። ሳጥኑ ግን ባዶ ነው። ብራውዘሩ ዝም፤ መልመጃውም አልተሳካም፣ እንደገና ሞክር ከማለት በቀር ዝም።

በባንክ ቤት ልዩነት የሚባል ነገር አለ። ማታ ላይ ዴቢትና ክሬዲት ካልገጠሙ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ሆኖም ልዩነቱ ራሱ ይናገራል። ለ9 ያለ ቀሪ የሚካፈል ከሆነ 540 መጻፍ ሲገባ 450 ተጽፎ፣ ማለትም አኃዞች ቦታ ተለዋውጠው ሊሆን ይችላል ብለን እንጠረጥራለን። ለሁለት ሲካፈል ከአንድ ቲኬት ጋር እኩል ከሆነ፣ ያ ቲኬት በተሳሳተ ወገን ተመዝግቦ ይሆናል። ሁለት ስሕተቶች ቢኖሩና አንዱን ብናገኝ ደግሞ ልዩነቱ ይለወጣል፤ መለወጡም መንገድ ላይ መሆናችንን ይነግረናል።

የሲኤስኤስ ዝምታ ይህን መጽናኛ አይሰጥም። በልጁ መስመር ውስጥ ሁለት ጥፋቶች ነበሩ። አንደኛው «ቶፕ» የሚለው የአሮጌው ዘመን ቃል፣ ያለ ባዕድ መነሻና ያለ «ቱ» ተጽፎ መገኘቱ ነው። ሁለተኛውን ወዲያው እናገራለሁ። ልጁ በሦስቱ ቀናት ውስጥ የመጀመሪያውን አንድ ጊዜ በትክክል አርሞት ነበር። ሁለተኛው ስላልታረመ ግን ሳጥኑ ያው ባዶ ሆነ። ባዶ ሲሆንበት፣ እርማቴ ስሕተት ነው ብሎ መልሶ አፈረሰው። ከሁለት ጥፋት አንዱን ማረም በመዝገብ ላይ ይታያል፤ በዚህ ግን ምንም ካላደረገ ሰው አይለይም። ብዙ ተማሪ ትክክለኛውን መንገድ ረግጦ የሚመለሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ጥፋት ከራሳችን ፊደል የመጣ ነው። ልጁ የሚጽፈው በስልኩ ነው፤ በስልኩ ላይ አማርኛና እንግሊዝኛ እያቀያየረ ይጽፋል። በሁለቱ ቀለሞች መካከል ያረፈው ምልክት የላቲኑ ነጠላ ሰረዝ ሳይሆን የእኛው «፣» ነበር። ለሰው ዓይን ሥራቸው አንድ ነው፤ ለብራውዘሩ ግን «፣» መለያያ ምልክት አይደለም፤ እንደ «ሀ» ወይም እንደ «ለ» የቃል አካል አድርጎ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ሰማያዊ የሚለው ቃል ጭራ አበጀና ማንም የማያውቀው ቀለም ሆነ። ድርብ ሰረዛችን «፤» በመስመሩ መጨረሻ ብትገባ ደግሞ ጉዳቱ የከፋ ነው፤ ብራውዘሩ ዐረፍተ ነገሩ እንዳበቃ ስለማያውቅ የሚቀጥለውን ጤነኛ መስመር ጨምሮ ይጥለዋል። ዩኒኮድ ለፊደላችን ስፍራ በመስጠቱ ደስ ብሎናል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ስፍራ ለየራሱ መሆኑን የሚያስተምር ሰው በመልመጃው ላይ አልነበረም።

እንዲህ ያለውን ስውር ጥፋት ለማግኘት ሥርዓት ያስፈልጋል። በመጀመሪያ ሳጥኑ መኖሩን ማረጋገጥ፦ ቁመት የሌለው ባዶ ሳጥን የቱንም ያህል ቢቀባ አይታይም። ለዚህም ሽግግሩን ለጊዜው ትቶ አንድ ቀለም ብቻ መስጠት ይበቃል፤ ቀይ ካላችሁትና ከቀላ ሳጥኑ አለ። ሁለተኛ፣ ትእዛዙ ለማን እንደ ተሰጠ ማየት፦ ሽግግር በብራውዘሩ ዘንድ እንደ ሥዕል እንጂ እንደ ቀለም አይቆጠርም፤ ስለዚህ «ባክግራውንድ-ከለር» ላይ ሲጻፍ አይሠራም፣ «ባክግራውንድ» ላይ ግን ይሠራል። ሦስተኛ፣ በትእዛዙ ስምና በቅንፉ መካከል ክፍት ቦታ አለመኖሩን መመልከት። አራተኛ፣ ከላይ ያለው መስመር በትክክል መዘጋቱን ማየት፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያለው በጎረቤት ነው። አምስተኛ፣ ምልክቶቹን በሙሉ ደምስሶ በእንግሊዝኛ ገበታ እንደ አዲስ መጻፍ። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ቀለሞቹን በስም ብቻ ጠርቶ፣ አቅጣጫም ሳይጨምር፣ በጣም አጭሯን መስመር ጽፎ መጀመር፤ እርሷ ከሠራች በኋላ አንድ በአንድ መጨመር። ያኔ ዝምታው በየትኛው ጭማሪ ላይ እንደ ጀመረ ይታወቃል።

ኮምፒውተር ያለው ሰው ሌላም ረዳት አለው፤ ክሮም ላይ ኤፍ12 ሲጫን በሚከፈተው መስኮት ውስጥ ብራውዘሩ ያልተቀበለው መስመር ተሰርዞ ቢጫ ምልክት ተደርጎበት ይታያል። በስልክ የሚማር ልጅ ግን ይህን መስኮት በቀላሉ አያገኘውም። የልጁ መስመር በመጨረሻ የተገኘችው በአጭሯ መስመር ዘዴ ነው፤ ያገኛትም ራሱ ነው። እኔ የባንክ ቤቱን ልማድ ብቻ ነበር የነገርኩት።

ግን «ቶፕ» የሚለው የ2010 ቃል ከዚህ ልጅ እጅ እንዴት ገባ? ከአንድ ተቀድቶ ከቆየ የመማሪያ ፋይል ነው ያገኘው፤ ፋይሉን ጓደኛው በፍላሽ ሰጥቶታል፤ ጓደኛውም ከሌላ ጓደኛው። በላዩ ላይ የደራሲም ሆነ የዘመን ምልክት የለውም። እንዲህ ያሉ ፋይሎች በከተሞቻችን የሚዘዋወሩት ያለ ምክንያት አይደለም። በ2014 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደረሰ፤ ከተሞቹ ከሕወሓት ኃይሎች እጅ ወጥተው በመንግሥት እጅ እስከ ገቡበት እስከ ኅዳር 27 ድረስ መብራት፣ ስልክና ባንክ ተቋርጠው ነበር። የኮምቦልቻን የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የያዘው ወሎ ዩኒቨርሲቲም ከተዘረፉት ተቋማት አንዱ ነበር። ደግሞም በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ጠፋ። መስመር የተቆረጠበት ተማሪ ያለውን ፋይል ያነባል። ያለው ፋይል ደግሞ አሮጌ ነው።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መንግሥት ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር «አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» የተሰኘውን መርሐ ግብር ይፋ አደረገ፤ ወጣቶች የፕሮግራም፣ የዳታ ሳይንስና የአንድሮይድ መሠረታዊ ትምህርት በኢንተርኔት በነጻ እንዲማሩ የታሰበ ነው። ጥሪው መልካም ነው። ነገር ግን ጥሪውን ሰምቶ በማታ ስልኩን የሚከፍት ልጅ ከጎኑ ሰው የለውም። የሲኤስኤስ ፈጣሪዎች ዝምታን የመረጡት ለአንባቢ ሲሉ ነው፤ ገጹ እንዳይዘጋበት። የዝምታውን ዋጋ የሚከፍለው ግን ጸሐፊው ነው፤ ከጸሐፊዎችም ሁሉ አብልጦ የሚከፍለው ብቻውን የሚማረው። ለንደን ወይም ባንጋሎር ላይ ያለ ተማሪ መስመሩ ዝም ሲልበት ወደ ጎረቤቱ ዞሮ ይጠይቃል። የእኛው ልጅ ወደ ራሱ ይዞራል፤ ሦስት ቀን ከጠበቀ በኋላም «ለዚህ ነገር አልተፈጠርኩም» ይላል። ይህ ፍርድ የተሰጠው በአንዲት ነጠላ ሰረዝና በአንድ የተሻረ ቃል ላይ መሆኑን የሚነግረው የለም። የሚያገባኝ እዚህ ላይ ነው።

ከመሰናበቴ በፊት፣ ኮዱ ሠርቶ ቀለሙ ሲበላሽ ስለሚታየው ሦስተኛ ዓይነት ችግር ልጨምር። ከሰማያዊ ወደ ቢጫ አሸጋግር ብትሉት መካከሉ ግራጫ ይሆንባችኋል። ብራውዘሩ ቀለምን የሚያየው በቁጥር ነው፤ ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ ብርሃን ከ0 እስከ 255 ቁጥር ይሰጣል። ሰማያዊ 0፣ 0፣ 255 ነው፤ ቢጫ 255፣ 255፣ 0። የሁለቱ አማካይ ሦስቱንም ወደ 128 ያመጣቸዋል፤ ሦስቱ እኩል ሲሆኑ ደግሞ ግራጫ ነው። ከአረንጓዴ ወደ ቀይ ቢሉትም በመካከሉ ቡናማ ይመጣል እንጂ ቢጫ አይመጣም፤ ቢጫውን የፈለገ ሰው ሦስተኛ ቀለም አድርጎ በስሙ መጻፍ አለበት። የሰንደቅ ዓላማችንን ሦስት መደቦች ለመሥራት ደግሞ ሽግግሩን ማጥፋት ያስፈልጋል፤ አረንጓዴው 33 በመቶ ላይ ሲያበቃ ቢጫውም በዚያው 33 በመቶ ላይ እንዲጀምር ይጻፋል። በ2020 ስዊድናዊው ቢዮርን ኦቶሶን ኦክላብ የተባለ፣ ለሰው ዓይን የቀረበ የቀለም ስሌት አቀረበ፤ ክሮምም በ2023 በዚህ ስሌት መሸጋገርን ተቀበለ። መስመሯ አሁንም ታድጋለች ማለት ነው። ዛሬ የተጻፈ መማሪያም ነገ አሮጌ ይሆናል።

ስለ መካከሉ ሳስብ በሐረጎ ስወርድ የጻፍኋት አንዲት ስንኝ ትዝ ትለኛለች፦

ከደሴ ስነሣ ጋቢ ተከናንቤ፣
ኮምቦልቻ ስደርስ በሙቀት ተከብቤ፣
የቱ ላይ እንደ ሆነ ብርዱ የለቀቀኝ፣
መንገዱም ዝም አለ፣ ሰውም አላሳወቀኝ።

እንግዲህ ለምታስተምሩ ሁሉ አንድ ልመና አለኝ። ፋይል ስታዋሱ ዓመተ ምሕረቱን ጻፉበት። ኮድ ስታሳዩ ይህ ከመቼ ወዲህ የሚሠራ ነው፣ ከዚያ በፊት እንዴት ይባል ነበር የምትል አንዲት ቃል ጨምሩበት። በባንክ ቤት ቀን የሌለው ቲኬት አንቀበልም፤ ገንዘቡ ሐሰት ስለ ሆነ ሳይሆን በየትኛው ቀን ሂሳብ ላይ እንደሚገባ ስለማናውቅ ነው። ለምትማሩም ደግሞ፦ መስመራችሁ ዝም ሲል በራሳችሁ ላይ ከመፍረዳችሁ በፊት የመስመሩን ዕድሜ ጠይቁ።

ቸር ይግጠመን።